ኮሊብሪ ያልኩት ወፍ

የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ስሠራ ለሙሽሮች የሚሆን የሲሸልስ ብሮሸር እንድጽፍ ተሰጠኝ። ቦታውን አይቼው ነበር። ለሙያው ሰዎች በተዘጋጀ የ4 ቀን ጉብኝት ማሄ ደሴት ሄጄ፣ ካረፍኩበት ሆቴል በረንዳ ሥር በየጠዋቱ ቀይ የሂቢስከስ አበባ ላይ የሚመጣ ትንሽ ወፍ ነበር። 11 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጠቆር ያለ፣ ጉሮሮው ፀሐይ ሲነካው ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ፣ ድምፁ ደግሞ ከዚያች ሰውነት ይወጣል የማይባል። አትክልተኛውን ስጠይቀው «ኮሊብሪ» አለኝ።

ቢሮ ተመልሼ ቃሉን ስፈልግ ሀሚንግበርድ ማለት ሆኖ አገኘሁት፣ ክንፉን እያርገበገበ አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ትንሽ ወፍ። በቃ። «በሲሸልስ ብቻ የሚገኘው ሀሚንግበርድ አየር ላይ ቀጥ ብሎ የአበባ ወለላ ሲጠጣ ያያሉ» ብዬ ጻፍኩ። 1,000 ኮፒ ታተመ።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ከባለቤታቸው ጋር መጡ። 40ኛ ዓመት ጋብቻቸውን ሊያከብሩ ነው። ብሮሸሩን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይህን ወፍ በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«አዎ ጋሼ፣ ቪዲዮም አለኝ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ስልኬን ከፈትኩ። ወፉ ቅርንጫፉን በእግሮቹ ጨብጦ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቆ፣ ቆልመም ያለ ምንቃሩን አበባው ሥር ሰክቷል። አየር ላይ የቆመበት አንድም ሰከንድ የለም። ፊቴ ጋለ። በዓይኔ ያየሁትን ትቼ ስሙ የነገረኝን ነበር የጻፍኩት።

ጋሼ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ሀሚንግበርድ ያለው በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ነው። የሲሸልሱ ሰንበርድ የሚባል ሌላ የወፍ ወገን ነው፣ ዘመዶቹ አፍሪካና እስያ የሞሉ። ሁለቱን ያመሳሰላቸው አበባ ውስጥ ጠልቆ ያለው ወለላ እንጂ ዝምድና አይደለም። የደሴቱ ሰዎች በቋንቋቸው በክሪዮል ኮሊብሪ ይሉታል፣ የራሳቸው ስም ነው፣ ምንም ጥፋት የለበትም። «እኛስ አገር በተከዜ ስም የተጠራ ሰንበርድ አለ አይደል?» አሉኝ። ደጋ ላይ ስንት ጊዜ አጠገቡ አልፌ ይሆን!

ለአለቃዬ ራሴ ሄጄ ተናገርኩ። ተቆጣች፣ መቆጣቷም ልክ ነው። እንደገና ለማሳተም ገንዘብ ስላልነበረ «በዓለም ላይ በሲሸልስ ደሴቶች ብቻ የሚኖር ሰንበርድ፤ ከባሕር ዳር ጓሮ እስከ ተራራ ጫካ ያገኙታል» የሚል ወረቀት ቆርጠን ሁለት ምሽት አንድ በአንድ ለጠፍን። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ ምን ትሉታላችሁ ብዬ መጠየቅ ብቻ አይበቃኝም፣ ከምን ወገን ነው ብዬ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ፣ ሳልጽፍም ያነሳሁትን ፎቶ መልሼ አያለሁ።

ጋሼ ሲመለሱ ፎቶ ይዘውልኝ መጡ። ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ጎጆ፣ በሣርና በሸረሪት ድር የተሠራ፣ በጎኑ ቀዳዳ ያለው። ሴቷ ከቀዳዳው ራሷን አውጥታለች። «በአንድ ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው» አሉኝ። ለሚቀጥለው እትም ያንን ፎቶ ተጠቀምን። ጽሑፉን ግን ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት በስልክ ለእሳቸው አነበብኩላቸው።