የጠፋው ሌላ ነገር ነበር

ለሁለት ሳምንት ያህል ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ሰነበትኩ።

የምሠራው በኒሞኮከስ ላይ ነበር፤ ሳንባ ምች ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋነኛው ነው። ዲኤንኤውን ሲገለብጥ የሚስታቸውን ፊደላት የሚያርምለት ሄክስ ኤ የሚባል ጂን አለው። አራሚውን ብነጥቀው ይከፋል ወይስ ይደክማል? ጥያቄው ከሜዳ አልመጣም። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ በሚሠቃዩ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ለዓመታት የሚኖረው ሱዶሞናስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጂኑን አጥቶ ይገኛል።

ጂኑን ማውጣቱ አልከበደኝም። ኒሞኮከስ በአካባቢው ያገኘውን ዲኤንኤ ይውጣል፤ በሄክስ ኤ ቦታ ካናማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክን የሚያስቋቁም ጂን አስገባሁበት። ሪፋምፒሲን የተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ ባለው ፕሌት (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን) ላይ ስዘራው ከእናት ዝርያው ጥቂት፣ ከእኔው ግን ብዙ ኮሎኒ፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምር፣ በቀለ፤ መድኃኒቱን የሚያስቋቁም ስህተት በዝቶበታል ማለት ነው። እስከዚህ ጥሩ።

ከዚያ ከሰው የሳንባ ሕዋሳት ጋር አገናኘሁት። ከእናቱ በብዙ እጥፍ ተጣበቀ! ውጤቱን የማቀርብበት ስላይድ ሁሉ ሠራሁ። አንዲት የላብ ባልደረባዬ ፕሌቱን ወደ መብራት አዘንብላ አየችና "ይሄ ነገር ካፕሱል አለው እንዴ?" አለችኝ።

ካፕሱል ባክቴሪያውን ከውጭ የሚሸፍነው የስኳር ሽፋን ነው። የለውም። ኮሎኒዎቹ ትንንሽና ሻካራ ነበሩ። ካፕሱሉን የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ያሉበት ሴረም ጨምሬ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ማበጥ የነበረበት ሽፋን የለም። ፍሬድሪክ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1928 ያንን ዝነኛ የአይጥ ሙከራ የሠራው ካፕሱል ባለው ለስላሳና በሌለው ሻካራ ኒሞኮከስ ነው። እኔ ከአፍንጫዬ ስር አስቀምጬ አላየሁትም፤ አፈርኩ። ካፕሱል የሌለው ባክቴሪያ የሰው ሕዋስ ላይ በደንብ ይጣበቃል፣ መሃል የሚገባ ሽፋን የለማ። ደም ውስጥ ግን ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል። ጉልበተኛ ያልኩት ደካማውን ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አራሚ የሌለውን ባክቴሪያ ከፕሌት ፕሌት እያዛወርኩ ለሳምንታት አቆየሁት። በየዙሩ ስህተት ያከማቻል። ላብ ውስጥ ደግሞ ካፕሱል መሥራት ትርፍ ወጪ ነው፤ የጣለው ሊቀድም ይችላል።

ሄክስ ኤን መልሼ ባስገባውም ሻካራነቱ አልለቀቀውም። አራሚ ከአሁን በኋላ ያለውን ስህተት ይከላከላል እንጂ ያለፈውን አይመልስም። የጠፋው ሌላ ነገር መሆኑን ያረጋገጥኩት በዚህ ነው።

አሁን ጂኑ በወጣ ቀን ባክቴሪያውን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቀውን ግሊሰሮል ጨምሬ በ-80 ዲግሪ አስቀምጣለሁ። ለእያንዳንዱ ሙከራ ከዚያው አወጣለሁ፣ ካፕሱሉንም በየጊዜው አያለሁ። ለየብቻ የተሠሩ ሦስት ዝርያዎችም እይዛለሁ፤ አንዱ ቢያታልለኝ ሦስቱ አንድ ላይ አያታልሉኝም።

ከአዲሱ ክምችት ስደግመው የመጣበቅ ልዩነቱ ጠፋ።