የዓይን ቆብ ሲያብጥና ሲግል፦ መጀመሪያ ዓይኑን እዩት

ያበጠ የዓይን ቆብ ምንም ያህል ቢያስፈራ፣ ዋናው ጥያቄ ከሥሩ ያለው ዓይን ደህና ነው ወይ የሚለው ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና ቆቡን ቀስ አድርጋችሁ ግለጡት። ዓይኑ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ያማል? ሌላውን ዓይን ስትሸፍኑ እንደ ወትሮው ያያል? ከሌላው ይልቅ ወደ ፊት ወጥቷል?

ሁሉም ደህና ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሽፋሽፍት ሥር የሚወጣ ትንሽ ብጉንጅ ነው። እዚያ ያለች የቅባት ዕጢ ስትደፈን ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ይራባባታል፤ አንድ ቦታ ላይ ይጠዘጥዛል፣ ከጥቂት ቀን በኋላም መግል ይቋጥራል። ፍቱኑ ነገር ሙቀት ነው። ንጹሕ ጨርቅ የእጅ አንጓን በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ነክራችሁ ጨምቁና በተጨፈነው ዓይን ላይ 10 ደቂቃ ያዙት፤ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ። ብዙዎች አንዴ ነክረው ይተዉታል። ጨርቁ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ የረጋው ቅባት ደግሞ የሚላላው ሙቀቱ ሳይቋረጥ ሲቆይ ነው፤ ስለዚህ በየ2 ደቂቃው መልሳችሁ ንከሩት። መግሉን አታፍርጡት፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ጎን ይሰራጫል። እስኪድን ኩልም ኮንታክት ሌንስም ይቅር።

ሕመሙ ጠፍቶ እንደ ምስር ፍሬ ያለ ጠጣር እብጠት ከቀረ ቻላዚዮን ነው፤ ሙቀቱን ለሳምንታት ቀጥሉበት። በትልልቅ ሰዎች ላይ ግን እዚያው ቦታ ከተመላለሰ ወይም ሽፋሽፍቱን ካረገፈ፣ ካንሰር አለመሆኑ መመርመር አለበት።

ሁለቱም ዓይኖች አብጠው ከሕመሙ ይልቅ ማሳከኩ ከባሰ አለርጂን ጠርጥሩ። እብጠቱ አፍንጫ አጠገብ ባለው የዓይን ጥግ ሆኖ እንባ ከበዛ የእንባ ከረጢት ኢንፌክሽን ይሆናል፤ ይህ ሐኪም ይፈልጋል። በግንባር አንድ ጎን ውኃ የቋጠሩ ሽፍታዎች አብረው ከወጡ አልማዝ ባለጭራ ነው፣ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ እየቀቡ መቆየት ይህን ጊዜ ይበላል።

ዴክሳሜታሶን ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጠቀሙ። መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ የዳኑ ይመስላል፤ በዓይን ላይ የሄርፒስ ቫይረስ ካለ ግን የዓይኑን መስታወት፣ ማለትም ከፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ሊያቆስል ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ከጉንፋን ወይም ከሳይነስ ኢንፌክሽን በኋላ ቆቡ የሚያብጥ ልጅ ነው። ሳይነስ በአፍንጫ ዙሪያ በአጥንት ውስጥ ያለ ክፍተት ነው። በሳይነሱና በዓይን ጉድጓድ መካከል ያለው አጥንት እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ ኢንፌክሽኑ በቀላሉ ያልፈዋል። ትኩሳት ካለ፣ ዓይኑ ሲዞር ካመመ፣ ወደ ፊት ከወጣ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም እይታው ከደበዘዘ፣ ጨርቁን ትታችሁ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ውሰዱት። በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፤ ከዘገየ የማየት ነርቩ ሊጎዳ፣ ኢንፌክሽኑም ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችላል።