ፊደል ከማጋደላችሁ በፊት «ቤ»ን እዩ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኅትመት ሥራ አለኝ። ላቲንና አማርኛ አንድ ገጽ ላይ በወጡ ቁጥር እናደድ ነበር። ላቲኑ የራሱ አይታሊክ፣ ማለትም ዘመም ያለ ፊደል፣ አለው፤ የእኛ የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የጎግል ፎንት እንኳ ከስስ እስከ ደማቅ ብዙ ዓይነት ቢኖረውም ዘመም ያለ የለውም። ኮምፒውተሩ ላይ የአይታሊክ ቁልፍን ስትጫኑ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ያጋድለዋል፣ በቃ። ስለዚህ የራሴን ልሥራ አልኩ፦ ጫፉ ጌጥ የሌለው፣ ውፍረቱ እኩል የሆነ፣ ንጹሕ ሳንስ ሰሪፍ።

ፎንትፎርጅ የተባለው የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ አወረድኩት። 231ዱን ፊደል ማታ ማታ ቀጥ አድርጌ ሣልኩ። ከዚያ ሁሉንም መርጬ በአንድ ትእዛዝ 12 ዲግሪ አጋደልኩ። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው።

ክብ ነገር ሲገፋ ክብ ሆኖ አይቀርም። ከላይ በስተቀኝና ከታች በስተግራ ይወፍራል፣ በሌላው በኩል ይሳሳል። «ዐ» ላይ አጉልታችሁ ካያችሁት ያምራል። እንደ «ቤ» ያለ የኃምስ (የአምስተኛው) ፊደል ቀለበት ግን ትንሽ ናት። ስትጨፈለቅ ውስጧ ይጠባል፣ በ7 ነጥብ፣ ማለትም በጣም በትንሽ መጠን፣ ሲታተም ቀለም ይደፍናታል። ያኔ «ቤ»ን ከ«ቢ» መለየት አይቻልም።

አንድ መሥሪያ ቤት ለጥምቀት እንግዶች የሚታደል ብሮሸር አዘዘኝ። መመሪያቸው የፎቶ መግለጫ ሁሉ አይታሊክ ይሁን ይላል። ኃላፊው ናሙናውን በቴሌግራም ላክልኝ አሉ። ስልካቸው ላይ አጉልተው አዩና «ጥሩ ነው፣ አትመው» አሉኝ። 500 ኮፒ አወጣሁ። ወረቀቱን የሚያጥፍልኝ ልጅ አንዱን አንስቶ ፊቱ ድረስ አስጠጋና «ጋሼ፣ ቢተ መንግሥት ምንድን ነው?» አለኝ። የፋሲል ግንብ ፎቶ ሥር ነው። ገለጥኩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥርም «ቢተ ክርስቲያን»። እጄ ቀዘቀዘ።

ኃላፊው «መመሪያው ትክክል ነው፣ ፎንቱ ያንተ ነው» ብለው በራሴ ወጪ ድጋሚ አሳተሙኝ። አጽድቀውት ነበር እኮ! እስካሁን ያንገበግበኛል። ከሳቸው በላይ ግን በራሴ ነው የተናደድኩት። አንድ ገጽ አትሞ ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ወደ 8 ዲግሪ መለስኩት። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በእጅ እንደገና ሣልኩ፣ ሰፋ አደረግኳቸው፣ የ«ቢ»ን እግር አሳጠርኩ። የ«ባ» እና የ«ቦ» አጭር እግርም ይበልጥ አጠረ፣ አለዚያ ከ«በ» ጋር ይምታታሉ። ይኼ ከመጀመሪያው ሥዕል የበለጠ ጊዜ በላ።

የመጽሐፍ ርዕስ አይታሊክ ይሁን የሚል መመሪያ ካጋጠማችሁ አማርኛው ላይ አትስሙት። የላቲኑ አይታሊክ እ.ኤ.አ. በ1500 ገደማ ቬኒስ ላይ በአልዶ ማኑዚዮ ማተሚያ ቤት ሲጀመር ከእጅ ጽሕፈታቸው የተወሰደ ነው። የእኛ ብራና ጸሐፊ ግን ማጉላት ሲፈልግ ፊደሉን አላጋደለም፣ ቀይ ቀለም ነከረ። ለርዕስ «» ይበቃል። ዘመም ያለውን ለአጭር መግለጫና ለግብዣ ካርድ ተጠቀሙበት። ሙሉ አንቀጽ አትጻፉበት፣ ዓይን ያደክማል።

ከ500ው አንዷን ኮፒ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫታለሁ። ፎንቱን በነካሁ ቁጥር መጀመሪያ «ቤተ መንግሥት» ብዬ በ7 ነጥብ ወረቀት ላይ አትማለሁ። ከዚያ ለልጁ እሰጠዋለሁ፣ ያነብልኛል።