ሦስተኛው ቀን

ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ፣ ዛሬ ከአቃቂ ማዶ ወዳለው ቤተ ሙከራችን የገባሁት ልቤ ተሰቅሎ ነው። ከታመመ እንሰት ያወጣሁት ባክቴሪያ የሚስማማው 28 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ባክቴሪያውን በሙቀት የሚያቆየው ሣጥን፣ ኢንኩቤተሩ፣ ግን ቀዝቅዟል። ባክቴሪያውን ያሳደግሁበትን ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁት። ቢጫ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ማር የመሰሉ ጠብታዎች! ዛንቶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ይመስላል፤ የዲኤንኤ ምርመራው ይቀራል። ይህ ተሕዋስ የእንሰት አጠውልግ በሽታ መንስኤ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በሽታው ጓሮ ሙሉ እንሰት ያደርቃል፣ የዓመታት ልፋት ያጠፋል። የእናቴን ጓሮ እንዲሁ አድርጎታል። ወዲያው ደወልኩላት፦ «እማዬ፣ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ስትሄጂ ቢላዋውን በእሳት ለብልቢው።»

«እሺ ልጄ፣ ቁርስ በላሽ?» አለችኝ።