አዮዲኑ የት ገባ?

ዛሬ ማታ ታናሽ እህቴ የኬሚስትሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጥያቄው የኢኩሊብሪየም ነው፤ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄዱት ለውጦች በእኩል ፍጥነት ሲሄዱ መጠኖቹ የሚረጉበት ሁኔታ ማለት ነው። 1 ሊትር በሚይዝ ዝግ ዕቃ ውስጥ 1 ሞል (ሞል የቅንጣቶች መቁጠሪያ መለኪያ ነው) ሃይድሮጂንና 1 ሞል አዮዲን ገብቷል። ሙቀቱ 450 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ኬ ደግሞ 50። (ኬ ኢኩሊብሪየም ላይ የውጤቱ ኮንሰንትሬሽን በራሱ ተባዝቶ፣ ለሃይድሮጂኑና ለአዮዲኑ ኮንሰንትሬሽን ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ኮንሰንትሬሽን ደግሞ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ሞል።) ሁለቱ ተዋህደው ሃይድሮጂን አዮዳይድ ይሰጣሉ። ኢኩሊብሪየም ላይ የእያንዳንዳቸው ኮንሰንትሬሽን ስንት ነው?

ሠርታዋለች። መነሻ፣ ለውጥ፣ መጨረሻ ብላ ሰንጠረዡን በማስመሪያ አስምራለች። ከሃይድሮጂኑ ኤክስ (የተዋሃደውን መጠን) ቀንሳለች፣ ከአዮዲኑም ኤክስ። ለሃይድሮጂን አዮዳይዱ ደግሞ ኤክስ ሰጥታዋለች። መልሷ 0.876 ነው።

«ቼክ አድርጌዋለሁ፤ 50 መጥቶልኛል እኮ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። 0.876ን ለ0.124 አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ ስታባዙት 50 ገደማ ይመጣል። ግን መልሱ ልክ አይደለም። እኔም ተማሪ እያለሁ ይቺኑ ስህተት ሠርቻለሁ፣ እንደሷው እርግጠኛ ሆኜ። መምህራችን ያኔ አልሰረዙብኝም። ከመልሴ ሥር በቀይ እስክሪብቶ «አዮዲኑ የት ገባ?» ብለው ብቻ ጻፉ።

እህቴንም ይህንኑ ጠየቅኋት። አብረን ቆጠርን። 1 ሞል አዮዲን ማለት 2 ሞል የአዮዲን አቶም ነው። በሷ መልስ ሳይዋሃድ የቀረው 0.124 ሞል ነው፤ በአቶም 0.248። ሃይድሮጂን አዮዳይዱ ውስጥ ያለው 0.876። ሲደመር 1.124። የቀረውስ? ዕቃው ዝግ ነው፤ የሚሄድበት የለም።

ዝም ብላ እኩልታውን አየችው። «ውይ፣ 2ቱን ረስቼዋለሁ!»

አንድ ሃይድሮጂንና አንድ አዮዲን ሲዋሃዱ የሚወጣው ሁለት ሃይድሮጂን አዮዳይድ ነው። ስለዚህ ለውጡ 2 ኤክስ ነው። ኬ ይህን አይነግራችሁም። ውጤቱን መልሳችሁ ኬ ውስጥ ስታስገቡ የምታረጋግጡት የጻፋችሁትን እኩልታ በትክክል መፍታታችሁን ብቻ ነው። እኩልታው ራሱ ልክ ይሁን አይሁን የሚለየው የአቶም ቆጠራ ነው። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ሰንጠረዡን እንደ ፎርም ነበር የምሞላው። ከዚያ በኋላ ግን ዕቃው ይታየኝ ጀመር። ሐምራዊው የአዮዲን ትነት እየሳሳ ይሄዳል፤ ነገር ግን ጨርሶ አይጠፋም። ያ የቀረው ቀለም ነው 1 ሲቀነስ ኤክስ።

አስተካክላ ሠራችው። ሁለቱንም ወገን ስኩዌር ሩት አደረገች፤ ኤክስ 0.78 ሆነ። ሃይድሮጂንም አዮዲንም 0.22፣ ሃይድሮጂን አዮዳይድ 1.56።

ከዚያ አዮዲኑን 2 ሞል አድርጌ ሌላ ጥያቄ ሰጠኋት። እዚህ ስኩዌር ሩቱ አይሠራም፤ ኳድራቲክ መፍታት ግድ ነው። ሁለት መልስ ወጣላት፤ 0.934 እና 2.326። ሁለተኛውን ራሷ ሰረዘችው። «ያለው ሃይድሮጂን 1 ሞል ነው፤ 2.326 ከየት ይመጣል?» አለች።

ጨርሳለች ብዬ ደብተሩን ልዘጋው ስል እጄን ያዘችኝ። «ቆይ፣ አዮዲኑን ልቁጠር።» ሳይዋሃድ የቀረው 1.066 ሲባዛ በ2፣ ሲደመር ሃይድሮጂን አዮዳይዱ ውስጥ ያለው 1.868።

«4! ሙሉ ነው!»