ለአባቴ የሠራሁት የጠጅ ቤት ድምፅ

አባቴ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ በመጡ በሦስተኛው ሳምንት፣ ምሳ ቀርቦላቸው እጃቸውን ታጥበው ከተቀመጡ በኋላ ዙሪያቸውን ቃኙና «ልጄ፣ ይህ ቤት ምነው ጭጭ አለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ወለሉ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው። እኔና ባለቤቴ ወደ ሥራ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከማቀዝቀዣው እርርታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

አባቴ 35 ዓመት በመካኒክነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከጋራዥ ሲወጡ ጉለሌ ውስጥ ወዳለ አንድ ጠጅ ቤት ጎራ ማለት ልማዳቸው ነበር። ስኳር ሕመም ይዟቸው ሐኪም ጠጁን ከከለከላቸው በኋላም አልቀሩም፤ አምቦ ውሃቸውን ይዘው ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ያመሹ ነበር። «የናፈቀኝ ጠጁ አይደለም፤ የሰው ድምፅ ነው» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት። ያን ዕለት ማታ ጠጅ ቤቱን በድምፅ ልሠራላቸው ወሰንኩ። ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ስለ ድምፅ የማውቀው ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ የቀሰምኩትን ብቻ ነበር።

በመጀመሪያ አቋራጭ ፈለግሁ። ለሥራና ለንባብ ማጀቢያ ተብለው የተዘጋጁ የመጠጥ ቤት ድምፆች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል፤ ያገኘኋቸው ግን የእንግሊዝና የአየርላንድ ፐቦች ነበሩ። አንዱን ከፈትኩላቸው። የብርጭቆ ኳኳታ አለው፣ የምድጃ እሳት ይንጣጣል፣ ሰው ይንጫጫል፤ አንድም ቃል ግን ተለይቶ አይሰማም። አባቴ ጥቂት አዳምጠው «ፈረንጆች ናቸው» አሉ። ቃል ሳይለይ በምን እንዳወቁ ገርሞኝ እኔም ደጋግሜ አዳመጥኩት። ለካስ ቃሉ ባይሰማም የቋንቋው ዜማ ይሰማል። በአማርኛ ጫጫታ መካከል ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ እንደ ቆሎ ጠብ ጠብ ይላሉ፤ በእንግሊዝኛው ውስጥ ይህ የለም። ደግሞም አንዱ ሲያወራ ሌላው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እ!» እያለ የሚስማማበት ድምፅ አለ፤ እኛ ዘንድ ያለ እሱ ጨዋታ አይሄድም። ከዚያ በኋላ የተዘጋጀ ድምፅ መፈለጌን ተውኩ።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ስላለ እሱን አስቸገርኩ። ሄዶ በስልኩ ቀድቶ ላከልኝ፤ ስሰማው ግን ድምፁ እንደታመመ ሰው ያቃስታል፤ ከፍ ይላል፣ ይሰምጣል፣ እንደገና ከፍ ይላል። ስልኩ የተሠራው አንድ ሰው ሲናገር ለመቅዳት ነው፤ ከበስተጀርባ ያለውን ጫጫታ እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ያጠፋዋል። እኔ የምፈልገው ደግሞ ያንኑ ጉድፍ የተባለውን ነው። መልእክት መላኪያውም ይበልጥ ጨምቆታል። ስለዚህ ድምፅ አጥሪው የሚጠፋበትን የመቅጃ ፕሮግራም ጫነ፤ በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚወስድ፣ ባልተጨመቀ ዌቭ ፋይል ቀዳው፤ የላከውም በድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ሰነድ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነበር።

ሁለተኛው ቅጂ ጥራቱ ግሩም ሆኖ ሳለ ሌላ ችግር አመጣ። ከማይክሮፎኑ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሰው ከእህቱ ጋር ስለተካሰሰበት የውርስ ቦታ ለጓደኛው ያወራል። ቅጂው ሲያልቅ ከመጀመሪያው ስለሚጀምር በየ20 ደቂቃው ያው ክስ፣ ያው ምሬት ይመለሳል። ኮሊን ቼሪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ሰው ከብዙ ድምፅ መካከል አንዱን ለይቶ እንዴት እንደሚከታተል ያጠናው ይህንኑ የጆሮ ጠባይ ነው፤ ጥርት ያለ ቃል ካገኘ ጆሮ እሱን ይዞ ይሄዳል። አባቴ በሁለተኛው ቀን «አጥፋው» አሉኝ። «ሰውየው ለወዳጁ የነገረውን እኛ ምን አግብቶን እንሰማለን?» በጣም አፈርኩ። ስለ ድምፅ ጥራት ስጨነቅ የሰው ምስጢር ባሕር አሻግሬ እንዳመጣሁ አላስተዋልኩም ነበር። ቅጂውን አጠፋሁት፤ ወንድሜም እንዲያጠፋው ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሳያውቅና ሳይፈቅድ የአንድም ሰው ድምፅ አልቀዳሁም።

ከአዲስ አበባ የወሰድኩት የዕቃውንና የቤቱን ድምፅ ብቻ ሆነ። የጠጅ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ ፈቅደውለት ወንድሜ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ ሄዶ በሩን፣ አግዳሚው ሲንፏቀቅ የሚያሰማውን፣ ብርሌ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያለውን፣ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ቀዳ። ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን የጠጁ አቀዳድ ነው። ጠጅ ከማንቆርቆሪያ ወደ ብርሌ ሲወርድ በመጀመሪያ ወፍራም ድምፅ አለው። የብርሌው ሆድ እየሞላ ውስጡ ያለው አየር ሲያንስ ድምፁ እየቀጠነ ይወጣል፤ አንገቱ ጋ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ተፈትልኮ ይቆማል። በተራ ብርጭቆ ብትሞክሩት ይህ የመጨረሻው ሽቅብ መፈትለክ አይገኝም። ሌላ መሣሪያ ሳይጨመርበት ይህ የሦስት ሰከንድ ድምፅ ብቻውን ቤቱ ጠጅ ቤት መሆኑን ይናገራል። አባቴ ሲሰሙት ምንም አላሉም፤ አመልካች ጣታቸውና አውራ ጣታቸው ግን የብርሌ አንገት እንደያዘ ሰው ተጠጋጉ።

የቀረው የሰው ድምፅ ነበር፤ ብዙ የደከምኩትም በእሱ ነው። የማኅበራችን ተራ እኔ ጋ በደረሰ ጊዜ ስምንት ወንዶችን አስፈቅጄ ሳሎን ውስጥ ማይክሮፎን ተከልኩ። ሐሳቤ ሦስት ጊዜ እየቀዳሁ፣ በየጊዜው ቦታ እያቀያየርኳቸው ድምፁን መደራረብ ነበር፤ ስምንቱ ሰው 24 ይሆናል። ሲደራረብ ቁጥሩስ ሞላ፤ ቤቱ ግን ለቅሶ ቤት መሰለ። ሃያ አራት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ምክንያቱን ሳነብ ያገኘሁት ኤቲየን ሎምባር ከተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 እንዳሳየው ሰው በጫጫታ መካከል ሲናገር ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ማጉላት ብቻም አይደለም፤ ቅላጼው ይቀጥናል፣ አናባቢው ይረዝማል። ጸጥ ባለ ሳሎን የተቀዳን ንግግር በኮምፒውተር ማጉላት የሚያስገኘው ጎላ ያለ ሹክሹክታ ነው።

በሚቀጥለው ወር እያንዳንዳቸው ባንድ ጆሯቸው ማዳመጫ አስገብተው የገበያ ጫጫታ እየሰሙ እንዲያወሩ ለመንኳቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ማይክሮፎኑን ረሱት። ስለ እግር ኳስ ተከራከሩ፣ ስለ ቤት ኪራይ አማረሩ፣ አንዱ ስለ ወታደርነት ዘመኑ ሲተርክ ሌሎቹ ጠረጴዛ እየመቱ ሳቁ። ያ ሳቅ ተጠርቶ የመጣ ሳቅ ስላልነበር እስከ ዛሬ ከቅጂው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ሲደራረብ ቃሉ ጠፍቶ ዜማው ቀረ። ጥርት ብለው የወጡትን ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣሁ።

ሳሎኑ ግን ሳሎን ሆኖ ቀረ። ምንጣፉና ሶፋው ድምፁን ስለሚውጡት ሰዎቹ ጥጥ ውስጥ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። ዋላስ ሳቢን የተባለው የፊዚክስ መምህር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሃርቫርድ ውስጥ የወንበር ትራሶችን ከአዳራሽ አዳራሽ እያጓጓዘ የለካው ይህንኑ ነው፤ አንድ ክፍል ድምፅን የሚያቆይበት ጊዜ በስፋቱና በውስጡ ባለው ድምፅ መጣጭ ነገር ይወሰናል። ወንድሜ ባዶው ጠጅ ቤት መካከል ቆሞ ፊኛ አፈነዳና ቀዳልኝ። ከዚያች አንዲት ፍንዳታ የግድግዳውና የጣሪያው ምላሽ ይገኛል፤ ሪፐር የተባለው የድምፅ ማቀነባበሪያ ያንን ምላሽ በማንኛውም ድምፅ ላይ ማልበስ ይችላል። ባዶ ቤት ሰው ከሞላበት ቤት ይልቅ ስለሚያስተጋባ ምላሹን በግማሽ ያህል ቀነስኩት። የማኅበር ወዳጆቼ በአንድ ሌሊት ጉለሌ ቆርቆሮ ሥር ገቡ።

ድግግሞሹን ለማጥፋት ቀላል ስሌት ጠቀመኝ። ሰዉን በ31 ደቂቃ፣ ዕቃውን በ23፣ በሩንና አግዳሚውን በ17 ደቂቃ ቆርጬ እያንዳንዱ ለብቻው እንዲዞር አደረግሁ። ሦስቱ እኩል ጀምረው እንደገና እኩል የሚገናኙት ከ12,121 ደቂቃ በኋላ፣ ማለትም ከስምንት ቀን በላይ ቆይተው ነው።

ስለ ድምፁ መጠን የተማርኩት በስሕተት ነው። ራቪ መህታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት 70 ዴሲቤል አካባቢ ያለ ጫጫታ ከ50ው ይልቅ አዲስ ሐሳብ ለማፍለቅ እንደሚያግዝ ጽፈዋል። እኔም 70 ላይ አደረግሁት። አባቴ የጋራዥ መዶሻ ጆሯቸውን ጎድቶት በመስሚያ መርጃ ነው የሚሰሙት፤ ትንሿ ልጄ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሥዕሏን ስታሳያቸው የምትለውን መስማት አልቻሉም። ፈገግ ብለው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁላት። ያን ስመለከት አንጀቴ ተላወሰ። የሰው ድምፅ አመጣለሁ ብዬ የልጅ ልጃቸውን ድምፅ ነጥቄያቸው ነበር። ዝቅ እያደረግሁ 48 ላይ ደረስኩ። ድምፅ ማጉያዎቹንም ከሳሎን አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ፣ ገርበብ ካለው በር ጀርባ አስቀመጥኳቸው። አሁን ጠጅ ቤቱ ቀጣዩ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስላል፤ እኛ ስናወራ አይጋፋንም፤ ዝም ስንል ይሰማል። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አንዱን አደራ እላለሁ፤ ድምፁን ፊት ለፊት አታስቀምጡት።

ከአባቴ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ተከራክረናል፤ እሱም በማሲንቆ ነው። ያለ አዝማሪ ጠጅ ቤት አይታየኝም ነበርና እዚህ አካባቢ የሚጫወት አንድ አዝማሪ ለምኜ፣ ከፍዬው ቀዳሁ። ከጫጫታው ጋር ቀላቅዬ አሰማኋቸው። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ይህ ልክ አይደለም።»

«ምኑ ነው አባባ? ማሲንቆው አልጣመዎትም?»

«ማሲንቆውስ ደኅና ነው። ሰዎቹ ናቸው። አዝማሪ ሲገጥም እንዲህ የሚንጫጫ ሰው የት አይተሃል? ወርቁን ማን ይሰማለታል?»

ነገሩን ሲያብራሩልኝ እንዲህ ነው። አዝማሪው ገብቶ ገመዱን ሲስብ ጫጫታው ወዲያው አይጠፋም፤ መጀመሪያ በሩ አጠገብ ያሉት ዝም ይላሉ፣ ከዚያ መሀሉ፣ መጨረሻ ጥጉ። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው ቤቱ ትንፋሹን ይይዛል። ስንኙ ሲዘጋ ሰሙን ብቻ የሰሙት ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ወርቁን የያዙት ቀድመው «እሰይ!» ይላሉ፤ ከዚያ ሳቁ እየተቀባበለ ቤቱን ያዳርሳል። ይህን ለመሥራት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ጫጫታውን በሦስት ከፍዬ በየተራ ዝቅ አደረግሁት፤ «እሰይ» ባዩን አንድ ሰው ከሌሎቹ ግማሽ ሰከንድ አስቀደምኩት። አዝማሪው በየቀኑ ይምጣ ብዬም ነበር፤ «ቅዳሜ ይበቃል» አሉኝ። ቅዳሜ ብቻ ይመጣል።

አባቴ ድምፁ ከማሽን እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ ላታልላቸው አልሞከርኩም፤ እሳቸውም አልተታለሉም። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ሲሆን ራሳቸው ማብሪያውን ይጫናሉ። ወንድሜ በሰው እጅ የላከልኝን ብርሌ ውሃ ሞልተው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን እዚያው ይሠራሉ።

መጨረሻ የጨመርኩት የበሩን ሰላምታ ነው። በሩ ሲጢጥ ብሎ ይከፈታል፤ ተቀማጮቹ «ኖር!» ይላሉ፤ ገቢው «በእግዜር! በእግዜር! አይነሡ» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ አግዳሚው ይንፏቀቃል። የመጀመሪያው ቀን ይህ ሲሰማ አባቴ ብርሌያቸውን አስቀምጠው የወንበሩን እጀታ ያዙ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ቀስ ብለው ነው የሚነሡት። ገና ከወንበሩ ከፍ ሳይሉ፣ «ኖር» የሚለው ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ ገቢው መልሶ፣ ተቀምጦ ነበር። አባቴ ምንም ሳይሉ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ያን ማታ ሁሉም ሲተኙ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከ«ኖር»ና ከ«በእግዜር» መካከል አራት ሰከንድ ጫጫታ ብቻ አስገባሁ። አሁን ገቢው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።