ወገቤና ግማሽ ኩንታል ጤፍ

ዛሬ ቅዳሜ ገበያ አንድ ተሸካሚ ወገቤን አተረፉልኝ። 50 ኪሎ ጤፍ ገዝቼ ባጃጅ አስቁሜያለሁ፤ ጉራ ነው መቼም፣ ራሴ ላነሳው ጎንበስ አልኩ። እግሬ ቀጥ፣ ጀርባዬ ጉብጥ ብሏል። «ኧረ ተው ልጄ! ወገብህን ልትቆርጠው ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ።

ጋሼ ስልሳን የተሻገሩ ይመስላሉ። መጀመሪያ ጆንያውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ክብደቱን ለኩት። ከዚያ እግራቸውን ከፈት፣ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው ቁጢጥ አሉና ጆንያውን እንደ ሕፃን ሆዳቸው ላይ ለጥፈው በጭናቸው ጉልበት ብድግ። ወደ ባጃጁ ሲዞሩ ደግሞ ወገባቸውን አልጠመዘዙም፤ በትንንሽ እርምጃ መላ ሰውነታቸውን ነው ያዞሩት። እኔ ዓይኔ እግራቸው ላይ ቀረ።

«ወገብዎን አያምዎትም?» አልኳቸው።

«ቢያመኝ ምን እበላለሁ?» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን ያመኛል። ቀኑን ሙሉ ከብዕር የከበደ ነገር ሳላነሳ! ጠዋት ወንበር ላይ የተቀመጥኩ እስከ ምሳ አልነሳም፣ አንገቴን ስልክ ላይ ደፍቼ። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ (ጎንደር ያለ ሰው ያውቀዋል) 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ደረጃ እወጣለሁ። 20 ኪሎ እኮ ነው፣ ያውም በአንድ ጎን! ውሃውን በሁለት ጀሪካን አካፍዬ በሁለት እጄ ብይዘው ምን ነበረበት?

ይህንን የምጽፈው ቆሜ ነው፣ ስልኬን ፍሪጁ ላይ አስደግፌ። ባለቤቴ «ደግሞ ምን ሆነ?» እያለች ነው።